አንተ የተባለው ማን ነው?

ሰብሳቢው ወደ ስፌት ቤቴ የገቡት በአጋጣሚ ነው፤ የለመዱት ልብስ ሰፊ ቤቱን ዘግቶ ባይሆን ኖሮ የእኔን ደጃፍ አይረግጡም ነበር። የሰፈራችንን ስብሰባ ሁሉ ስለሚመሩ ስማቸው በዚያው ሰብሳቢው ሆኖ ቀረ። እኩዮች ነን። እኔ "እርስዎ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "አንተ" ይሉኛል። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ አስተያየት ልሰጥ እጄን ባወጣ "ቁጭ በል አንተ፣ መርፌህን ጠብቅ" ብለውኝ ሰው አውካካ። የሳቀውን ሁሉ እስከ ዛሬ በመልክ አውቀዋለሁ።

እጅጌው እንዲያጥር ያመጡትን ኮት አልብሻቸው በስፒል ስይዝ የሸሚዛቸው የደረት ኪስ አብጧል። እጄን ብሰድ የቴሌቪዥን ሪሞት!

"ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ መጣ?"

"ምን አገባህ አንተ!" አሉ፤ ወዲያው ግን ሆድ ባሳቸው። "ቤቴ እንዳይበላሽ ይዤው እዞራለሁ። ማታ ማታ የሚታይ አስቂኝ ድራማ አለ። ልጅቷ አባቷን 'አንተ' ትለዋለች! በጆሮዬ ሰማሁ።"

ይህን እያሉ ኮሌጅ የጨረሰችው ትልቋ ልጃቸው ከተፍ አለች።

"አባባ፣ ሪሞቱን ይስጡኝ እንጂ! እማማና ትንንሾቹ ጎረቤት ሄደው ነው የሚያዩት። እርስዎ እራት ብቻዎን ይበላሉ።"

"ልብላ! ተዋርጄ ከሰው ጋር ከምበላ ብቻዬን ልብላ።"

"ለመሆኑ ድራማውን አይተውታል?"

"ከኮሪደር ሰምቼዋለሁ። 'አንተ ሆዳም፣ ከሶፋው ላይ ውረድ' አለችው። ከዚህ ወዲያ ምን ልይ?"

ልጃቸው አፏን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። "አባባ፣ እሱ እኮ ድመቱ ነው!"

"የምን ድመት?"

ነገር አላበዛሁም፤ ጥግ ያለችውን ቴሌቪዥኔን ከፈትኩ። የትናንቱ ክፍል ድጋሚ የሚታይበት ሰዓት ነበር። አንድ ወፍራም ድመት ሶፋው ላይ ተንጋሏል፤ የድራማው ልጅ "ተነሳ አንተ!" ትለዋለች። አባቷ ሲገባ ግን ብድግ ብላ "እንዴት ዋሉ?" አለች። አባትየው ሳያይ ድመቱ ላይ ሲቀመጥ ሰብሳቢው ሳቅ አመለጣቸው፤ ስፒሉ ቢወጋቸውም "ውይ! ውይ!" እያሉ ሳቁ።

ቀጥሎ የሚያነክስ ዘበኛ ገባና ተሳቀበት። ፊታቸው ጠቆረ። "ይኸውልሽ! በሰው እግር ይሳቃል?"

"እዚህ ላይ እውነትዎን ነው፤ እኔም ደስ አላለኝም" አለች ልጃቸው። "ግን ትንንሾቹ ሰው ቤት ሆነው ሲያዩት ይሄ ነውር ነው የሚላቸው ማን ነው? እርስዎ፣ ከኮሪደር? አጠገባቸው ቢሆኑ የሚያስቀውን አብረው ይስቃሉ፣ የሚያስነውረውን ይነግሯቸዋል።"

ሰብሳቢው "በድመት የተነሳ ብቻዬን ስጎርስ ከረምኩ!" ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

እኔም የቆየው ቁስሌ አላስቀምጥ አለኝ። "ጋሼ፣ ድራማው ላይ 'አንተ' የሚባለው ድመቱ ነው። እዚህ ሰፈር ደግሞ እኔ።"

በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩኝ። ኮቱን አውልቀው፣ ሪሞቱን ለልጃቸው ሰጥተው ወጡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኮቱን ሊወስዱ ሲመለሱ ኪሳቸው ጠፍጣፋ፣ ፊታቸው ፈካ ያለ ነበር። ቤተሰቡ ከጎረቤት ተመልሷል፤ ማዕዳቸው ሞልቷል። ዘበኛው ሲሳቅበት ትንሿ ልጃቸው ራሷ "ይሄስ ነውር ነው" አለች አሉ። አንባቢ ሆይ፣ ሪሞት ኪስ የከተተ አባት ይህን ከየት ይሰማው ነበር? አብሮ አይቶ መፍረድ ልጅን ያስተምራል፣ አባትንም ከኮሪደር ያወጣል።

ደጃፌ ላይ ቆም አሉና "ዛሬ ማታ ቤት ይምጡ" አሉኝ። "እርስዎ የሚሉትንም እንስማ።"

ሄድኩ። ከሰብሳቢው ጎን፣ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ሙሉ የሚበቃኝን ስቄ ተመለስኩ፤ በዚያ ምሽት አንተ የተባለው ድመቱ ብቻ ነበር።