ዜማው ሲለወጥ

ዘመኑን ሁሉ ሊገድለኝ ሲፈልገኝ የኖረ ሰው ፊልም ጋበዘኝ። ይልቃል ይባላል። አባቴ የይልቃልን ታላቅ ወንድም ገድሎ ነበር። አባቴ ሲሞት ደሙ ወደ እኔ ዞረ፤ ወጣትነቴም ከትውልድ መንደሬ ከይጁቤ ሸሽቼ በሰው ቤት ስደበቅ አለፈ። በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ታረቅን። እናም እኔ ወደምኖርበት ደብረ ማርቆስ መጥቶ ሲጋብዘኝ እምቢ ማለት እርቁን መጠራጠር ስለሚሆንብኝ ሄድኩ።

ፊልሙ ሲጀምር ሁለት ወጣቶች ይዋደዳሉ፤ ዋሽንቱም ለስለስ ያለ ነው። ከዚያ የልጁ ወንድም ተገደለ። ያው ዜማ እየከረረ ሄደ፣ ከበሮ ገባበት፣ በመጨረሻም ቀረርቶ ሆነ። እኛ ዘንድ ደም የተቃቡ ሰዎች በተቀመጡበት ቀረርቶ አይባልም፤ የተኛውን ቂም ይቀሰቅሳል። የይልቃል አተነፋፈስ ተለወጠ። እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። መውጫው በእሱ በኩል ነው።

«ተነስ፣ እንውጣ» አለና ክንዴን ያዘ።

«ምነው?»

«ተነስ አልኩህ!»

ደጅ ስንወጣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«ታርቀናል እኮ፣ ይልቃል» አልኩት።

«እኛማ ታርቀናል። ዜማው መቼ ታረቀ? ትንሽ ብንቆይ ኖሮ ራሴን አላምነውም ነበር።»

ወደ ቤት ስንነሳ እኔን ከፊት አድርጎ ሊከተለኝ ሲል እግሬ አልሄድ አለኝ። አየኝ። ቀደመኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ መንገዱን ጀመረ።