ታሰረ ወይስ ተሳፈረ

ጋሽ ናስር ድሬዳዋን ከለቀቁ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም ልባቸው ከዚራ ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቀርቷል። በጉብዝናቸው የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ዛሬ ሐርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ያን ዕለት መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሚኒባስ ይጠብቃሉ። ከነገ ወዲያ ወደ ድሬ ሊሄዱ ነው። እህታቸውን ዊዳድን ካዩ ዘጠኝ ዓመት አልፏል።

የጉልበታቸውን ሕመም ማስታገሻ ክኒን ከኪሳቸው አውጥተው «እስከ ድሬ አድርሰኝ እንግዲህ» ብለው በአማርኛ ሲያጉተመትሙ፣ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት በዚያው ቋንቋ «አባባ፣ ያለ ውሃ አይዋጡት» አለቻቸው። ናዋል የምትባል፣ ድሬ ያደገች፣ ፋርማሲ የተማረች የሐርጌሳ ልጅ ናት። ወዲያው የማንጎውን፣ የአሸዋውን፣ የማታውን ነፋስ እየጠሩ ናፍቆታቸውን ተካፈሉ። በመሃል ዓይኗ የበለዘ ክንዳቸው ላይ አረፈ።

«በር መታኝ» አሉ። ድዳቸው ጠዋት ጠዋት እንደሚደማ አልተነፈሱም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለእንዲህ ያለ ሽማግሌ ነው። ናዋል ግን በትሕትና ደጋግማ ጠይቃ አወጣጣቻቸው። ለልባቸው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ይወስዳሉ። ሐኪሙ በሶማልኛ ያስረዳውን ጎረቤታቸው ፈዲላ «ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ደም ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር ይታሰራል» ብላ ተርጉማላቸዋለች።

«የታሰረ ምን ይሠራልኛል? አንድ ብቻ ቀረልኝ። ስለዚህ ሁለት ሁለት እውጣለሁ» አሉ፣ በብልሃታቸው እየኮሩ።

ናዋል አልሳቀችም። «እስረኛ አይደለም አባባ፣ ተሳፋሪ ነው። ፕሮቲኑን ባቡር ነው ይበሉ። ባቡር ላይ የተቀመጠ ሰው ይነግዳል?»

«ወርዶ ነው እንጂ።»

«መድኃኒቱም እንደዚያው ነው። የሚሠራው የወረደው ነው፤ እሱ ሲያልቅ ከተቀመጡት ሌላው ይወርዳል። ሁለት ሲውጡ ወራጁም እጥፍ ይሆናል፤ ደምዎ ከልኩ በላይ ይቀጥናል። ይሄ ማስታገሻ ደግሞ እዚያው ወንበር ላይ እየተጋፋ ያንን ያስወርዳል፣ ጨጓራም ያደማል። ወላሂ ፈራሁልዎት።»

ጋሽ ናስር ማስታገሻውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። የጉምሩክ ኬላ ሲቃረብ የኮንትሮባንድ ነጋዴው ሁሉ ባንዴ ከባቡር የሚዘልበት ዘመን ትዝ አላቸው። የተሰበረው እግር፣ የተበተነው ጨርቅ፣ ያ ጫጫታ ሳይቀር ናፈቃቸው፤ ይህ ሁሉ ግርግር አሁን በገዛ ደማቸው ውስጥ ነው ሲባሉ ደግሞ ደነገጡ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ሳልማር ጠምጥሜ ሰባ ዓመት ሞላኝ» ብለው ተነሡ።

የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ሄደው ሲመረመሩ ደማቸው ከሚገባው በላይ ቀጥኖ ተገኘ። ሐኪሙ ክኒኑን ለጊዜው አስቁሞ፣ ደማቸው ወደ ልኩ ሳይመለስ መንገድ እንዳያስቡ አዘዘ። ከዚያ ወዲያ የታዘዘላቸውን ብቻ፣ በሰዓቱ መዋጥ ያዙ። ባህላዊም ይሁን የሱቅ፣ ሌላ መድኃኒት ሳይጠይቁ አይቀምሱም። በሁለት ሳምንት ድዳቸው መድማቱን ተወ፣ ብልዙም ጠፋ። ሳያውቁ ከመጨመር አውቆ መመጠን ምን ያህል እንደሚበልጥ ገላቸው መሰከረላቸው።

ያን ዕለት ከሆስፒታሉ በር ላይ ወደ ድሬ ሲደውሉ ግን ይህ ሁሉ ገና አልታየም ነበር። ዊዳድ መቅረታቸውን ስትሰማ አለቀሰች፤ ዘጠኝ ዓመት አልበቃህም ወይ ብላ ተቆጣች። የእሳቸውም እንባ መጣ።

«በቃሬዛ ተጭኜ በቀጠሮዬ ከምደርስ» አሏት፣ «ዘግይቼ በእግሬ ልምጣልሽ።»