የገሠሠ ውፍረት

በሁዳዴ አጋማሽ ከራቤል ገበያ ስመለስ አቶ ይታየውን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና አብረን አዘገምን። እኔ መምህር ነኝ፤ ሰው ሲያወራ ማረም ልማዴ ነው። ያን ቀን ግን ሳላርም ሰማሁ፤ ሽማግሌውን በጎረቤታቸው በአቶ ገሠሠ ላይ ያደረባቸው ቅናት እያንገበገባቸው ነበር። ጥቂት እንደሄድን የጤና ጣቢያውን ነርስ ጽናትን ደረስንባት።

«አንቺ ልጅ፥ እስቲ ፍረጂ» አሏት። «ጾም ገብቶ እኛ ስንጠወልግ ገሠሠ ይወፍራል! ፊቱ ሞላ፤ ጫማው አልገባ አለው። ሚስቱም ኮራችብን። ተደብቆ ቢገድፍ ነው እንጂ!»

«እግራቸውን በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል?»

«እንደ ሊጥ! ማለፊያ ሥጋ ነው።»

«ሥጋ አይደለም አባባ፤ ውሃ ነው። ኩላሊት ደም አጣርታ ትርፉን ውሃና ቆሻሻውን በሽንት ታስወጣለች። ስትደክም ውሃው ገላ ውስጥ ይቀራል።»

አቶ ይታየው ሳቁ። «ኩላሊት ቢሆን ጎኑን ይወጋው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እሱ ምኑን ደበቀ?»

«ደባቂዋ ኩላሊት ራሷ ናት፤ ብዙ ጊዜ ሳታሳምም ነው የምትጎዳው። የሚጎዳት ያልታከመ የደም ግፊትና ስኳር ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዘወትር የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻም ይጎዳታል።»

ሽማግሌው ቆሙ። «ክኒን? ገሠሠ ለወገቤ እያለ ጧት ማታ ይውጣል። እኔም...» ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን አወጡ። «ያወፈረው ይኸ ነው ብዬ ወር ሙሉ ዋጥኩት። እኔን ወገቤን እንኳ አያመኝም!»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ። እኔም የባልደረባዬን ሞተር ሳይክል ባየሁ ቁጥር ምሳዬ አይወርድልኝም።

ጽናት ግን አልሳቀችም። «ዛሬውኑ ይተዉት፤ መጥተውም ይመርመሩ። አቶ ገሠሠማ ቀን የላቸውም። ቶሎ ከተደረሰ በመድኃኒትና ጨው በመቀነስ ማቆየት ይቻል ይሆናል። ካለፈ ግን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ደም በማሽን ማሳጠብ ነው፤ ማሽኑ ያለው ደግሞ ሩቅ ከተማ ነው።»

«እኔኮ» አሉ አቶ ይታየው ድምፃቸው ሰልሎ፥ «ውፍረቱን ውሰድበት ብዬ ለጊዮርጊስ ጧፍ ተስያለሁ።»

ሦስታችንም ወደ አቶ ገሠሠ ቤት ሄድን። ሰውየው ደጃፋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ።

«ቀንተህ ነው፥ ይታየው! ታመሃል ብለህ ልታከሳኝ!»

«አዎን፥ ቀንቼ ነው» አሉ አቶ ይታየው።

ጽናት እብጠቱ መቼ እንደ ጀመረ ጠየቀች። አቶ ገሠሠ አላወቁም። አቶ ይታየው ግን እንደ ዳዊት አነበነቡት፤ «በጥምቀት ማግሥት ጧት ዓይኑ ሥር አበጠ። በጾሙ መያዣ ቁርጭምጭሚቱ። በሁለተኛው እሑድ ጫማውን ትቶ በሸበጥ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ከዚያ ወዲህ ዳገቷን ሲወጣ ሁለቴ ያርፋል።»

አቶ ገሠሠ ጎረቤታቸውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቅልጥማቸው ላይ ተጫኑና አነሡ። ጉድጓዱ አልሞላም።

«እኔ ያላየሁትን አየህልኝ» አሉና ለመነሣት እጃቸውን ዘረጉላቸው።

የአቶ ገሠሠ ምርመራ የጽናትን ፍርሃት አረጋገጠ፤ የግፊታቸውም ልክ አስደንጋጭ ነበር፤ ኩላሊታቸው ግን ጨርሶ አልወደቀችም። ማስታገሻውን ተዉ፣ የግፊቱን መድኃኒት ያዙ፣ ጨው ቀነሱ። የአቶ ይታየው ኩላሊት ደህና ሆና ተገኘች። ዛሬ በሰፈሩ ጤነኛ ነኝ ባዩም ግፊቱን ይለካል፤ ፊት ሲያብጥ «አማረብህ» ማለትም ቀርቷል።

በሚያዝያ ጊዮርጊስ ሁለቱን ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ በር አገኘኋቸው። አቶ ገሠሠ ከስተው ጫማቸውን አድርገዋል። አቶ ይታየው ጧፍ ይዘዋል።

«ስለቴ ሰመረ» አሉኝ እንባቸው እየመጣ። «ውፍረቱን ወሰደለት።»