የራበው ሆድና የባሰው ሆድ

እኔ የምኖርበት ሕንፃ ስድስት ፎቅ አለው። ሊፍቱ በሚሠራበት ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተያየው ለሰላምታ ያህል ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ሊፍቱ ተበላሽቶ ስድስት ሳምንት ቆመ። ጋሽ ፊደልን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ ፊደል የተባሉት በማተሚያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ የሚደረድሩ ፊደል ለቃሚ ሆነው ስለሠሩ ነው። ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር። አንዲት ልጃቸው በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ ስለምትኖር አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። በዚያ ቀን የኮታቸው ቁልፍ ተከፍቶ፣ ፊታቸው በላብ ርሶ፣ አጠገባቸው አንድ ፌስታል አስቀምጠው ነበር። ሁለት ትልልቅ ዳቦ፣ ሦስት ፓኬት ብስኩትና አንድ ጠርሙስ ማርማላታ ይታየኝ ነበር።

«እለፍ መምህር፣ እለፍ» አሉኝ እያለከለኩ። «እኔ ባቡር እየጠበቅሁ ነው።»

ሳቅሁ፤ ግን አላለፍኩም። ከንፈራቸው አመድ መስሎ ስላየሁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አምስተኛ ፎቅ የምትኖረው ወጣት ነርስ ከሥራ ስትመለስ ደረሰችብን። በሕንፃው ውስጥ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ቦርሳዋን ጥላ እጃቸውን ያዘችና የእጅ ሰዓቷን እያየች የልብ ምታቸውን ቆጠረች።

«የደም ግፊት መድኃኒትዎን ወስደዋል፣ ጋሼ?»

«ወስጃለሁ ልጄ። ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም፣ የደረጃው ነው።»

«ደረጃው እኮ ዘንድሮ አልረዘመም።»

«አውቄአለሁ፣ ወዴት እንደምትሄጂ አውቄአለሁ!» አሉ እጃቸውን ነጥቀው። «ሐኪሙም አሥራ አምስት ኪሎ ቀንስ አለኝ። ምን፣ እኔ የጭነት መኪና ነኝ? በእኛ ጊዜ ቦርጭ የክብር ምልክት ነበር። የከሳ ሰው ሲታይ፣ ምን ነካው፣ ታሞ ይሆን እንዴ ይባል ነበር። ዛሬ ደግሞ እናንተ የተማራችሁት መጣችሁና የወፈረውን ታመሃል ትሉታላችሁ።»

«አይቆጡ፣ ጋሼ። በእርስዎ ጊዜ የሚበላው ያጣ ብዙ ስለነበር ሥጋ ሀብት መስሎ ይታይ ነበር፤ እውነትዎን ነው። ዛሬ ግን እኔ በምሠራበት ክፍል አልጋው የሚሞላው በስኳር፣ በግፊትና በልብ በሽታ ነው። ወፍራም ሰው ሁሉ በሽተኛ ነው አልልም። እርስዎ ግን አራት ፎቅ ለመውጣት ባቡር እየጠበቁ ነው።»

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ልጅቷ እውነቱን የተናገረችው ሽማግሌውን ሳታዋርድ ነው። ብዙዎቻችን ምክር ስንሰጥ ዱላ የያዝን ይመስለናል፤ ተመካሪውም ጆሮውን ትቶ ራሱን ይከላከላል። ጋሽ ፊደል ግን ቁጣቸው በረድ አለና እንደ ማፈር ብለው ተናገሩ።

«ሳልሞክር ቀርቼ መሰለሽ? ባለፈው ዓመት ሦስት ቀን ቁርስም ምሳም ተውኩ። በአራተኛው ቀን የበላሁትን ከምነግርሽ ያልበላሁትን ብነግርሽ ይቀላል።»

«ራስን ማስራብማ መድኃኒት አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ካልወደዱት ይቆጡኝ። ከቀኑ ሁሉ አብዝተው የሚበሉት ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ጥያቄው ያልጠበቁት ነበር። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ» አሉ።

«ያን ጊዜ ይርብዎታል?»

«ምሳዬን ዘግይቼ ነው የምበላው። ከማዕድ ከተነሣሁ ሁለት ሰዓት አይሞላም።»

«ታዲያ ለምን…»

«ታዲያ ምን? ፖሊስ ነሽ?» ብለው ፌስታላቸውን አንሥተው ተነሡ። አምስት ደረጃ ያህል ወጡና ቆሙ። ያቆማቸው ድካም መስሎኝ ልደግፋቸው ስነሣ፣ ጀርባቸውን እንደ ሰጡን መናገር ጀመሩ።

«ባለቤቴ ከሥራ የምትመጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ስልክ ቤት ነበር የምትሠራው። የቁልፏን ድምፅ ስሰማ የሻይ ውኃ እጥድ ነበር። አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ቤቱ ጭጭ ይላል። ብስኩቱን ስከፍት ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል። ቢያንስ ድምፅ አለው።»

ሲስተር ጥቂት ደረጃ ወጥታ ከበታቻቸው ቆመች። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የራበው ሆድ አይደለም፣ የባሰው ሆድ ነው። የእኛ ቋንቋ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። ሆዴን ራበኝ እንላለን፤ ሆድ ባሰኝም እንላለን። ስሙ አንድ ሆነና ለባሰው ሆድ የራበውን መድኃኒት እንሰጠዋለን። የራበው ሲበላ ይጠግባል። የባሰው ግን ዳቦ ቤቱን ቢያስገቡለት አይጠግብም፤ የጠየቀው ዳቦ አይደለማ!»

«ሆድ ይፍጀው ተብለን ነው ያደግነው፣ ልጄ።»

«እሱን ነው የምለው። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ ሆድ ግን አልፈጀውም፣ አከማቸው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይኼን ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። የነርስነት ፈተና የወደቅሁ ዓመት ለእናቴ መንገር አፈርኩ። ያፈርኩትን ሁሉ በምግብ ደፈንኩት። በስምንት ወር ሃያ ኪሎ ጨመርኩ። የሚያየኝ ሁሉ ምን እየበላሽ ነው ይለኛል። አንዲት አሮጊት አስተማሪዬ ብቻ ‹ምን ሆነሽ ነው?› አለችኝ። እሷ ፊት ሳለቅስ ዋልኩ። መዳን የጀመርኩት ያን ቀን ነው።»

«ታዲያ ሐዘን በወሬ ይወጣል?»

«ሁሉም አይወጣም። ግን በዳቦም አልወጣም።»

ጋሽ ፊደል ዞረው አዩዋት። ሠላሳ አራት ዓመት የተገለበጠ ፊደል ሲያነቡ የኖሩ ዓይኖች ናቸው፤ ስሕተት ካገኙ አያልፉም። «በይ እሺ፣ ምን ላድርግ?» አሉ።

ምክሯ ሰማይ የሚቧጥጥ አልነበረም። ቁርስና ምሳን በሰዓቱ፣ በሳህን አቅርበው፣ ተቀምጠው እንዲበሉ፤ ከፓኬት እንዳይበሉ፤ ብስኩቱን በየፓኬቱ ገዝተው ቤት እንዳያስቀምጡ፤ የሻይ ስኳራቸውን ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ ነገረቻቸው። ከምግብ ሰዓት ውጭ እጃቸው ወደ ምግብ ሲሄድ ደግሞ አሥር ደቂቃ ታግሠው «የትኛው ሆዴ ነው?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ። የራበው ከሆነ ይብሉ፤ የባሰው ከሆነ ሰው ይፈልጉ። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ አስጠነቀቀቻቸው።

«ሰው ከየት አመጣለሁ?» አሉ።

ያን ጊዜ አፌ ቀደመኝ። «እኔ አለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራ የለኝም። በአሥራ አንድ ሰዓት አብረን እንውጣ።»

ሐኪሙ ፈቀደና ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን እስከ ጎማ ጠጋኙ ሱቅ ድረስ ብቻ ሄደን ተመለስን። በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፍ ሻጩን አልፈን ድልድዩ ጋ ደረስን። እግራቸው በተፍታታ መጠን አንደበታቸውም ተፍታታ። ሚስታቸው እንዴት ይቀልዱ፣ ሲቆጡ እንዴት በስልክ ቤት ድምፅ «መስመሩ ተይዟል!» ይሏቸው እንደነበር ይነግሩኝ ነበር። እያወሩ የሚያለቅሱበት ቀን ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሐዘንተኛን ለማጽናናት የግድ አዋቂ መሆን እንደማያስፈልግ የተማርኩት ከዚያ መንገድ ነው።

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሚስታቸው የሞቱበት ቀን ሲደርስ ጋሽ ፊደል በር ዘግተው አንድ ሙሉ ኬክ ብቻቸውን በሉ። ከዚያም አፈሩና ጠፉ። ባንኳኳ አልከፍት አሉኝ። በዘጠነኛው ቀን ሲስተር ሄዳ በሩ ላይ ቆማ ተጣራች።

«ጋሼ፣ የወደቁት አንድ ቀን ነው። ስምንቱን ቀን የተኙት ግን በገዛ ፈቃድዎ ነው። ይነሡ!»

ከውስጥ መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ ሳቅ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ጢማቸው አድጎ፣ ዓይናቸው አብጦ ነበር። «ኬኩ እኮ አልጣፈጠኝም» አሉን እንደ ሕፃን። ሲስተርም «ይኼ ትልቅ እውቀት ነው» አለቻቸውና ኮታቸውን አቀበለቻቸው።

በስምንት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ኪሎ ቀነሱ። ሐኪሙ ያዘዘው አሥራ አምስት ነበርና ዛሬም አራት ይቀራቸዋል፤ እሳቸው ግን «አልቸኩልም፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ጉልበታቸው መቆርጠሙን ተወ፤ እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ግፊታቸው ስለወረደ ሐኪሙ የመድኃኒታቸውን መጠን ቀነሰላቸው። ሊፍቱ ከተጠገነ በኋላም ወደ ቤታቸው የሚወጡት በደረጃ ነው። እንግዲህ ይኼን የምጽፈው ሚዛኑን ላወድስ አይደለም። ምግብ ጠላታችን አይደለም፤ ያደርነው በእሱ ነው። ነገር ግን ምግብ የናፍቆትንም፣ የፍርሃትንም፣ የብቸኝነትንም ሥራ እንዲሠራ ስናስገድደው እሱም ይበላሻል፣ እኛም እንበላሻለን። ጎረቤቱ ሲወፍር ያየ ሰውም ስለ ቦርጩ ከመቀለዱ በፊት ደህንነቱን ቢጠይቅ ብዙ ነፍስ ያድናል።

ባለፈው ወር ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጣች። ምሳ ላይ ሲስተርንና እኔን ጠሩን። ልጃቸው መጀመሪያ በሩን ገፍታ እንደ ገባች ደንግጣ ነበር።

«አባዬ! ምን ሆንክ? ታመህ ነው እንዴ የቀጠንከው?»

«ድኜ ነው» አሏት።

ማዕዱ ቀርቦ እንደ ተቀመጥን ጋሽ ፊደል ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ሚስታቸው ማውራት ጀመሩ፤ ልጃቸው ትንሽ ሳለች እናቷ ትኩሳቷን ሲጠብቁ እንዴት ቆመው እንዳደሩ። ልጅቷ ያነሣችውን ሹካ መልሳ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ እማዬን ባነሣሁብህ ቁጥር ‹ቆይ፣ እየበላሁ ነው› ብለህ ትዘጋብኝ ነበር። እሷን የረሳሃት መስሎኝ ስንት ቀን አለቀስኩ።»

አባትየው እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ አፌን የምሞላው እኮ ስሟን እንዳልጠራ ነበር።»

ሁለቱም አለቀሱ፤ ቀጥለውም ስለ እናትየው እየተቀባበሉ ያወሩ ጀመር። ምሳው ቀዘቀዘ፤ ከመካከላችን ግን የቸኮለ አልነበረም።