መርዶ በስልክ

ሀበሻ ከሚበዛበት የውጭ አገር ሰፈራችን፣ ከፍሌሚንግደን ፓርክ፣ በተነሳው አውቶቡስ ላይ አንዲት ወጣት ነርስና ነጠላ የለበሱ እናት ከፊቴ ተቀምጠው ይጫወታሉ።

«እማማ፣ እኔ ከተማ እየቀያየርኩ በኮንትራት ነው የምሠራው። አሁን ግን ሰሜን ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ወደድኩ፤ ጠቅልዬ ሙቭ ላደርግ ነው።»

«የቤት ሪንቱስ?»

«ርካሽ ነው።»

«ሀበሻ አለ?»

«አንድም የለም።»

«እናት አለሽ?»

«አለች፣ አዲስ አበባ። ትንሽ ያማታል።»

«እንግዲህ አያድርገውና፣ ክፉ ቢመጣ ማን ያረዳሻል?»

«ስልክ አለ።»

«መርዶ በስልክ! ሰው ተሰብስቦ በማለዳ በርሽን ያንኳኳል እንጂ።»

«እኔ እኮ ሆስፒታል ለሰው ቤተሰብ በስልክ ነው የምነግረው።»

«እሱ ሥራሽ ነው፣ ልጄ።»

እኔም እስክወርድ ድረስ የኔን በር በማለዳ የሚያንኳኳ ሰው በልቤ ስፈልግ ነበር።