ዘውገ ቼናይን ሲጎበኝ

(ቼናይ፣ በህንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፤ ጡረታ የወጣችው የጂኦግራፊ መምህርት አስካለ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አስታማሚ ሆኖ ከደሴ አብሯት የመጣው ታናሽ ወንድሟ ዘውገ አመሻሽ ላይ ላቡን እየጠረገ ገብቷል።)

ዘውገ፦ በእናታችን አጥንት! የምነግርሽ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ጠብታ ከጨመርኩበት ምላሴን ይቁረጠው!

አስካለ፦ የእናታችንን አጥንት አሳርፈው፤ ስንቴ ማልክበት። እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው። ዶክተሯ ጠዋት ለብቻህ ጠርታ በአስተርጓሚ ምን አለችህ?

ዘውገ፦ እደርስበታለሁ። «ሠላሳ ዓመት ካርታ ላይ በዱላ እየነካሁ ያስተማርኳትን ከተማ ሂድና እይልኝ» ብሎ የላከኝ ማን ነው? ይኸው አየሁልሽ! መጀመሪያ የባሕር ዳርቻው። እትዬ፣ አሸዋው ብቻ ከደሴ ኮምቦልቻ ይደርሳል!

አስካለ፦ በምን ለካኸው?

ዘውገ፦ በእግሬ! ከዚያ ለመርከብ የሚያበራው ማማ ላይ ወጣሁ። ሰዉ በሊፍት፣ እኔ በደረጃ። ጫፉ ላይ ቆሜ ባሕሩን አሻግሬ ባይ ምን ይታየኛል? ምጽዋ!

አስካለ፦ ምጽዋ?

ዘውገ፦ ከነጀልባዋ!

አስካለ፦ አንተ ጉድ! እዚህ ባሕሩ በምሥራቅ ነው፤ ምጽዋ በምዕራብ። ባሕሩን ስታይ ጀርባህን ሰጥተሃታል።

ዘውገ፦ ዞር ስል ነዋ ያየኋት።

አስካለ፦ አራተኛ ክፍል ሳስተምርህም እንዲሁ ነበርክ። ምሥራቅን ስጠይቅህ ወደ መስኮቱ፣ ምዕራብን ስጠይቅህም ወደ መስኮቱ። በል ተወው። ለጥር እደርሳለሁ?

ዘውገ፦ ኧረ ቤተ መቅደሳቸውን ሳልነግርሽ! በሩ ላይ የተቀረጹትን አማልክት አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ። ደግሞ አንድ ዝሆን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እኔን መርጦ፣ ኩምቢውን አናቴ ላይ ጭኖ ባረከኝ።

አስካለ፦ ምርቃቱ አልያዘህም፤ ይኸው ትቀጥፋለህ። ዘውገ፣ ስማኝ። የልጄ የትርንጎ ሰርግ ጥር ላይ ነው። ጥርን የማላይ ከሆነ ከነቢያት ጾም በፊት ይሁን፤ ጾሙ ከገባ ሙሽራ የለም። ዛሬ መስከረም አሥራ ስምንት ነው። ድንኳኑ አለ፣ ጠላው አለ፣ የሚጠራው ዘመድ አለ። ልጄን ሳልድር እንዳልሄድ ነው የምጠይቅህ።

ዘውገ፦ ምን አጣደፈሽ? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

አስካለ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ዘውገ፦ እሱ የተተረተው ለታማሚ ነው፤ ለአስታማሚ አይሠራም።

አስካለ፦ በሽታዬን ከእኔ ደብቀህ የያዝከው አንተ ነህ እኮ!

ዘውገ፦ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያንስ? ሐዋርያው መቃብር ላይ ተደፋሁልሽ! ቁመቴን የሚያህል ሻማ አበራሁ። ቄሱ ራሱ ደንግጦ «ይህ ሰው የማን አገር መስፍን ነው?» አለ።

አስካለ፦ በምን ቋንቋ ገባህ?

ዘውገ፦ በ... በዓይኑ ነው ያለው።

አስካለ፦ እሺ፤ ምን ብለህ ጸለይክ?

ዘውገ፦ እ?

አስካለ፦ የሻማውን ቁመት ነግረኸኛል። የጸሎቱን ቃል ንገረኝ።

ዘውገ፦ እንድ... እንድትድኚ ነዋ።

አስካለ፦ ለጥር እንድደርስ አልለመንክም?

ዘውገ፦ ሁለቱ አንድ አይደለም?

አስካለ፦ አይደለም። አንተም ታውቀዋለህ።

ዘውገ፦ እትዬ፣ በሞቴ ተይኝ። አንቺ እኔን አዝለሽ አሳደግሽኝ፤ እኔ አንቺን ተሸክሜ ባሕር አሻግሬ... ከአፌ ካላወጣሁት ያልሆነ ይመስለኛል።

አስካለ፦ እሱን አውጣው እንግዲህ።

ዘውገ፦ አወጣዋለሁ! ለጥር ትደርሻለሽ! ሙሽራዋን እየዘፈንሽ ትሸኛለሽ! ዶክተሯ እጄን ጨብጣ «ይህች ሴት መቶ ዓመት ትኖራለች፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሰው በሕይወቴ አላየሁም» ብላኛለች። በሐዋርያው እምላለሁ! ይህን ሰምቼ ነው በደስታ ከተማውን ስዞር የዋልኩት።

አስካለ፦ ሰርጉ ጥቅምት ሃያ ሦስት ነው። ከምሳ በፊት ለትርንጎ ደውዬላታለሁ።

ዘውገ፦ ምን? ማን... ማን ነገረሽ?

አስካለ፦ ዶክተሯ። አንተን እንዳነጋገረች ወደ እኔ መጣች። «ወንድምሽ ከቢሮዬ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ መነሣት አቅቶታል፤ እባክሽ አንቺ አጽናኚው» አለችኝ። እስከ ማታ ድረስ ከዚያ ደረጃ አልተነሣህም፣ ዘውገ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ያቀበለችህን ሴትዮ የላክኋት እኔ ነኝ።