የእህቴ ቁልፍና የተቆረጠው መስኮት

የምስክር መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ሜትሮ» የሚባል
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከታላቅ እህቱ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ ጠዋት፣ በሆስፒታል፣ በተኛበት አልጋ ላይ
ጉዳዩ፦ መስኮት ቆርጦ ሰው ቤት ስለ መግባት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር የማውቀውን እንዳልደብቅ፣ የማላውቀውን እንዳልጨምር ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል በፈቃዴ ሰጥቻለሁ።

በቀኝ ኩላሊቴ ውስጥ ትልቅ ጠጠር አለብኝ። ዶክተሩ ራጁን አሳይተው፣ ይህን ያህል ለሆነ ጠጠር ከውጭ በድምፅ ሞገድ መምታቱ ብዙም እንደማያዋጣ፣ ጎንን ከፍቶ ማውጣትም ሌላው ሲያቅት ብቻ የሚደረግ እንደሆነ ነገሩኝ። የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው በሽንት መውጫ ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ በሌዘር መፍጨት ነው፤ ሰውነት አይቆረጥም፣ ነገር ግን ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው ከጀርባ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ሰባብሮ ማውጣት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጠጠሩ በአንዴ ተጠርጎ ይወጣል፣ የመድማት ዕድሉ ግን ይበልጣል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ የተሰፋ ልብስ አያምርም። በጀርባው ይሁን አልኩ።

እህቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ባለቤቷ ከዓመታት በፊት በዚሁ በጀርባ በኩል ጠጠር ሲወጣለት ደሙ አልቆም ብሎ አርፏል። «አንሶላው ሲቀላ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አላይም» አለችኝ። እኔም በግትርነቴ «እትዬ፣ የሱ ሌላ የኔ ሌላ» ብያት ተኛሁ።

ቀጠሮዬ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ስነቃ ስልኬ የለም፤ ሱሪዬም የለም። የሰው ሱሪ ስሰፋ የኖርኩ ሰው የራሴን አጥቼ ወደ በሩ ብሄድ የብረት በሩ ከውጭ ተቆልፏል። እህቴ ከበሩ ማዶ «ቀጠሮው ይለፍና እከፍትልሃለሁ። ውሃ አስቀምጬልሃለሁ። ሌዘሩን እንዲያደርጉልህ ሄጄ ልለምናቸው ነው» ብላኝ ሄደች። ደበደብኩ፣ ተጣራሁ፣ ለመንኩ፤ የሰማኝ የለም።

ጥቂት ቆይቶ ጎኔን ያዘኝ። ሕመሙንስ ለምጄው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ብርድ ብርድ አለኝና ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ሽንቴም እምቢ አለ። ከውጭ በሩ፣ ከውስጥ ጠጠሩ ተዘጋብኝ። ክፍሉ ጠበበኝ። እዚያው እንደምሞት አሰብኩና በጣም ፈራሁ።

ፊት ለፊታችን ያለውን በያጁን በመስኮቱ በኩል ጠራሁት። ፍርግርጉን የሠራው እሱ ራሱ ነው፤ ሌባ ጣቱን እንኳ አያስገባም ብሎ ነበር የሸጠልን። ሲያየኝ ደነገጠና «ሜትሮ፣ ምን ሆነህ ነው? በየት ልግባ? በሩን ልፍታው ካልኩ ቀኑን ይፈጃል፤ ግድግዳ አላፈርስብህ። በመስኮቱ ትንሽ ቀዳዳ ልክፈትና ላውጣህ?» አለኝ። ሕመሙ ባይዘኝ እስቅ ነበር፤ ዶክተሩም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። «በመስኮቱ! ቶሎ በል!» አልኩት። በግራይንደር ቆርጦ፣ የገዛ ሥራውን እየተራገመ፣ በጋቢና በአንሶላ ጠቅልሎ አወጣኝ። ከቤቱ አንድም ዕቃ አልወሰደም። ወደ ሆስፒታል አድርሶኝ በድንገተኛ ክፍል በኩል አስገባኝ።

ዶክተሮቹ ጠጠሩ መውረጃውን ዘግቶ ኩላሊቴ መግል እንደቋጠረ፣ ትንሽ ብዘገይ ሕይወቴ ሊያልፍ እንደሚችል ነገሩኝ። እዚያው በጀርባዬ ቀድደው የሚያፈስ ቱቦ አስገቡልኝ። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ እህቴ እንዳይሆን የቆለፈችበት ነገር በመቆለፏ ቶሎ ሆነ። ጠጠሩ ገና አልወጣም፤ ኢንፌክሽኑ ሲጠፋ በዚያው በተከፈተው መንገድ እንደሚገቡ ተነግሮኛል።

በያጁ እኔን አድርሶ ፍርግርጉን መልሶ ሊበይድ ሲመለስ፣ እህቴ ደግሞ ከቀጠሮ ክፍል ባዶ እጇን መጣች። መሣሪያውን ይዞ መስኮቱ ላይ አገኘችው። «ወንድምሽ ሆስፒታል ነው» ቢላት «አሁን ከዚያ መምጣቴ አይደል? የለም!» ብላ ፖሊስ ጠራች። ማታ እኔን ስታገኘኝ አልቅሳለች። ስለ ቁልፉ ግን ለፖሊስ ትንፍሽ አላለችም፤ በያጁም ጣቢያ አደረ።

መርማሪው «ያለ ፈቃድህ ተቆልፎብሃል?» ብለው ሲጠይቁኝ ሁለቱንም መልስ ለካሁ። ተቆልፎብኛል ካልኩ እናት ሆና ያሳደገችኝ እህቴ ልትታሰር ነው። አልተቆለፈብኝም ካልኩ ያዳነኝ ሰው ሌባ ሆኖ ሊቀር ነው። ከዚያ ክፍል ይልቅ ይህ ጥያቄ ጠበበኝ። ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው፦ የቆለፈችብኝ እህቴ ናት፤ መስኮቱን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ይህን ስናገር እህቴ ከኮሪደሩ ሰምታ ገባችና ቁልፉን አልጋው ላይ አስቀመጠች። «ይጻፉት፤ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ልጁን ልቀቁት» አለች። ከዚያ ወደ ቱቦው እያየች «ደሙ ቆመ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቆሟል እትዬ» አልኳት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

መርማሪው እህቴን መክሰስ እፈልግ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አልፈልግም። ዛሬም የምታስታምመኝ፣ ሌሊትም አጠገቤ የምታድረው እሷው ናት። ሁለት ነገር ብቻ አመለክታለሁ፦ በያጁ ዛሬውኑ ይለቀቅልኝ፤ የዚህ ክፍል ቁልፍ ደግሞ በነርሷ እጅ ይሁንልኝ።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ ከእውነት የጎደለም የተጨመረም የለበትም ስል አረጋግጣለሁ።

ምስክሩ፦ (ቀኝ እጁ ላይ ግሉኮስ ስላለ በግራ አውራ ጣት አሻራ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ፊርማ)
እማኝ፣ ተረኛ ነርስ፦ (ፊርማ፤ ቁልፉን ተረክባለች)